ጋላቢው ይወደሳል፤ ኮርቻ ሠሪውስ?

ጥር 25 ቀን ደብረ ታቦር ፈረስ ይበዛባታል። የቅዱስ መርቆሬዎስ ንግሥ ነውና ከፋርጣም ከሌላውም አካባቢ ፈረሰኛው እየጋለበ ወደ አጅባር ሜዳ ይገባል። ሰማዕቱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣለው ጥቁር ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጦሩን ዘቅዝቆ ነው፤ በዓሉ በጉግስ መድመቁ አያስደንቅም።

ደንቡን ለማያውቀው፦ ፈረሰኛው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ጋሻ አንግቦ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ይከተላል። ተከታዩ ፈረሱን ሳይገታ ዘንጉን ይወረውራል። ሸሺው ወገቡን ጠምዝዞ በጋሻው ይመክታል፤ አለዚያም ፈረሱ አንገት ላይ ልጥፍ ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ተራው ይገለበጥና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ነጥብ የሚመዘግብ የለም። ፈራጁ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ነው።

የዛሬ ጎረምሳ እሽቅድምድምን የሚያውቀው ከፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የዚያም መሣሪያ የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካው አታሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ግራን ትራክ 10» የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ እውነተኛ መሪ፣ ማርሽና ፔዳል የተገጠመለት ሣጥን ነበር፤ ውስጡ ግን ማይክሮፕሮሰሰር እንኳ አልነበረውም። የጃፓኑ ሴጋ በ1985 «ሃንግ ኦን» በተባለው ጨዋታ ተጫዋቹን ሞተር ብስክሌት ላይ አስቀምጦ፣ በሰውነቱ እያዘነበለ እንዲታጠፍ አደረገው። በዓመቱ ወንበሩ የሚወዛወዝ «አውት ራን» ተከተለ። ናምኮ ደግሞ በ1997 «ፋይናል ፈርሎንግ» ብሎ ሰውን ሰው ሠራሽ ፈረስ ላይ አወጣ። አጅባር ላደገ ሰው ይህ ፈገግ ያሰኛል። ሆኖም ሠሪዎቹ አንድ ነገር በሚገባ ተረድተዋል፤ የእሽቅድምድም ጣዕሙ ከሚታየው ይልቅ በሚጨበጠውና በሚረገጠው ዕቃ ላይ ነው። የእኛም ጉግስ እንዲሁ ነው።

እርካቡን እንመልከት። የአውሮፓ ፈረሰኛ ጫማውን የሚያስገባበት ሰፊ ብረት ይረግጣል። የደገኛው ነባር እርካብ ግን የእግር አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ትንሽ ቀለበት ናት፤ ለባዶ እግር የተሠራች። የውጭ ተጓዦች ይህን ሲያዩ ይገረሙ ነበር። እኔ ግን ብልሃት ይታየኛል፤ ጋላቢው ቢወድቅ እግሩ ተሰንቅሮ የሚጎተትበት ዕድል ጠባብ ነው። ጫማ ከተለመደ ወዲህ ያቺ ቀለበት ምን ቦታ አላት?

ኮርቻው ከእንጨት ተጠርቦ ቆዳ ይለበጣል። ፊቱም ኋላውም ከፍ ያለ ነው። ጋላቢው ወደ ኋላ ዞሮ ሲመክት ወገቡን የሚይዝለት ይህ ከፍታ ነው። ጠፍጣፋ በሆነው የእንግሊዝ ኮርቻ ጉግስ ልጫወት የሚል ቢኖር መሬት ላይ እንገናኝ ባይ ነኝ። ልጓሙ ደግሞ ጨካኝ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው፤ ሳብ ሲያደርጉት የሚጋልበው ፈረስ ባለበት ቀጥ ይላል። ተራው በሚገለበጥበት ቅጽበት ያለ እሱ አይሆንም፤ በክፉ እጅ ግን የፈረሱን አፍ ያደማል።

ጋሻው የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ነበር፤ የመኳንንቱ በከፈይና በብር ያጌጣል። ጎሽና ጉማሬ እንደ ልብ በማይታደንበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጋሻ ከአያት ካልወረደ ከየት ይመጣል?

ይህ ሁሉ ዕቃ የተፈተነው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት የየጁ መሳፍንት መመኪያቸው ፈረሰኛ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ራስ አሊና የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ሲገጥሙ የውቤ ጠመንጃ አየለና አሊ ሸሹ። ውቤ ግን ድሉን በድግስ ሲያከብሩ የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው። ጠመንጃ ያሸነፈውን ጦርነት ፍጥነት ቀለበሰው ማለት ነው። ከዘጠና ዓመት ግድም በኋላ ግን ፍጥነትም አላዋጣም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተዋግተው ሲወድቁ፣ ከበላያቸው ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ያንዣብብ ነበር። ለፈረሰኛ የተረፈው እንግዲህ የጨዋታ ሜዳው ነው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ታላላቆቻችንን በፈረሳቸው ስም እንጠራለን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ኮርቻቸውን የጠረበው፣ ልጓማቸውን የቀጠቀጠው ማን ነው? ስሙ የለም። እንዲያውም «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ተሰድቧል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ደብረ ታቦር ይህን ከማንም በላይ ልታውቅ ይገባት ነበር፤ አጠገቧ ባለው ጋፋት ቴዎድሮስ ባለ እጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠርተዋልና። ያ 7 ቶን የሚገመት መድፍ በ1860 ዓ.ም. እየተጎተተ መቅደላ ሲደርስ ስለ ንጉሡ እንጂ ስለ ጋሪው መንኮራኩር ሠሪዎች የተረከ ጥቂት ነው።

የአዊ ወንድሞቻችን ፈረሰኛን በማደራጀት ቀድመውናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበራቸው በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይሰባሰባል፤ አባላቱም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ፈረሰኛ ከተደራጀ ዕቃ ገዥ አለ፤ ገዥ ካለ ሠሪው ልጁን ያስተምራል። በበዓል ቀን ብቻ የሚፈለግ ኮርቻ ግን ሠሪውን አያኖርም።

ስለዚህ፣ የወንዜ ልጆች፣ የመጪውን ጥር 25 በዓል ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። ለጋላቢና ለፈረስ ሽልማት ስትሰጡ ኮርቻ ሠሪውን፣ ልጓም ቀጥቃጩንና የኮርቻ ልብሱን፣ ግላሱን፣ ሰፊውን አጅባር መካከል አቁሙልን፤ ስማቸውን በድምፅ ማጉያ ጥሩልን። በየዓመቱም ጥቂት ወጣቶች ሙያውን ከእነሱ የሚማሩበት ገንዘብ ይመደብ።