የመጨረሻው ዘማች፤ ስለ ላዛሮ ፖንቲቼሊ ረጅም ዕድሜ

ላዛሮ ፖንቲቼሊ በ1897 ዓ.ም. በዴሴምበር ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሰሜን ኢጣልያ፣ ቤቶላ ከምትባል የተራራ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር፣ ከድኻ የካቶሊክ ቤተ ሰብ ተወለደ። ስሙ በእኛ አነጋገር አልዓዛር ማለት ነው። የዐድዋ ጦርነት ካለፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር፤ በዚያ ጦርነት አንድ ሻለቃ ያሰለፈው አልፒኒ የተባለው የኢጣልያ የተራራ ጦርም ኋላ ይህንኑ ሕፃን ከወታደሮቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል። በ2008 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ግን በክብር የቀበረው የፈረንሳይ መንግሥት ነው፤ የቀበረውም የራሱ የመጨረሻ ዘማች አድርጎ ነው። ሰውዬው ለዚህ ማዕርግ እንዴት እንደ በቃና ማዕርጉንም አስቀድሞ ስለ ምን እንቢ እንዳለ መመርመር ይገባል።

እናቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ሄዳ ነበር። አባቱና ታላቅ ወንድሙ ከሞቱ በኋላ የቀሩት ቤተ ሰቦቹ ወደ ፓሪስ ሲሰደዱ፣ ትንሹ ልጅ ለጎረቤት ዐደራ ተሰጥቶ ቀረ። ራሱ በስተርጅና እንደ ተረከው፣ የእንጨት ጫማ እየሠራ፣ ወፍም እያጠመደ እየሸጠ የባቡር ዋጋ አጠራቀመና በዘጠኝ ዓመቱ ብቻውን ፓሪስ ገባ። ፊደልም ፈረንሳይኛም አያውቅም ነበር። ነገሩ እንደ ተአምር ይነገራል፤ ነገር ግን የቤቶላ አካባቢ ሰዎች ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በኖዣን ሱር ማርን ብዙ ሆነው ሰፍረው፣ በግንብ ሥራና በጉልበት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ስለዚህ ልጁ የሄደው የአገሩ ሰዎች አስቀድመው በረገጡት መንገድ ነው። እዚያም ጭስ ማውጫ እየጠረገ፣ ጋዜጣም እያዞረ አደገ።

በ1914 ዓ.ም. ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ዕድሜው 16 ዓመት ስለ ነበረ፣ ዕድሜውን ጨምሮ በመናገር የውጭ አገር ሰዎች ወደሚመለመሉበት ወደ ፈረንሳይ ሌዥዮን ገባ። የተመደበበትም ክፍል የታላቁ ጋሪባልዲ የልጅ ልጅ ፔፒኖ ጋሪባልዲ የሚያዝዘው የኢጣልያውያን በጎ ፈቃደኞች ሬጅመንት ነበር። ይህ ክፍል በአርጎን ጫካ በዴሴምበር 1914 እና በጃንዋሪ 1915 ብርቱ ጕዳት ደረሰበት፤ ከአዛዡም ወንድሞች ሁለቱ እዚያ ወደቁ። ፖንቲቼሊ ከዚያ ጊዜ ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሁለቱ ምሽጎች መካከል ወድቆ የሚጮኽ አንድ ቍስለኛ ፈረንሳዊ ጎትቶ እንዳወጣውና ያም ሰው ስለ አራት ልጆቹ ስም እንዳመሰገነው ነው። ቍስለኛው ማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም። ታሪኩም መቶ ዓመት ካለፈው ሰው አፍ፣ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ የተጻፈ ነው። ቢሆንም የክፍሉ ታሪክ ከሚናገረው ጋራ አይጣላም፤ ደግሞም ሽማግሌው ከጦርነቱ ሁሉ የመረጠው ስለ ድል የሚናገረውን ሳይሆን አንድ አባት ወደ ልጆቹ የተመለሰበትን መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሬጅመንቱ በማርች 1915 ፈረሰ። በሜይ ወር ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ፖንቲቼሊ ለተወለደባት አገር ዘብ እንዲቆም ተጠራ። በፈረንሳይ ጦር ልቈይ ቢልም፣ እንደ ነገረው ሁለት ዣንዳርሞች ይዘው እስከ ቶሪኖ አደረሱት። በሦስተኛው የአልፒኒ ሬጅመንትም ሆኖ በፓል ፒኮሎ ተራራ ከኦስትሪያ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። በዚያ ግንባር ሁለቱ ወገኖች ተኩስ አቁመው እንጀራ በትምባሆ ይለዋወጡ እንደ ነበረ፣ ስለዚህም ክፍላቸው ወደ ሌላ አደገኛ ስፍራ ተዛውሮ እንደ ተቀጣ ይናገራል። በፊቱ ላይ ቈሰለ፤ የመርዝ ጢስም ጓደኞቹን ሲፈጃቸው አየ። በ1920 ዓ.ም. ተሰናበተ።

ከዚህ በኋላ 88 ዓመት ኖረ። የሕይወት ታሪክ ጸሓፊዎች ይህንን ዘመን በጥቂት መስመር ያልፉታል፤ ሆኖም ሰውየው የሠራው ሥራ በአብዛኛው እዚህ ነው። በ1920 ዓ.ም. ከሁለት ወንድሞቹ ጋራ ጭስ ማውጫ የሚሠራና የሚያድስ ድርጅት አቋቋመ፤ ድርጅቱም እየሰፋ ሄዶ ለፋብሪካና ለነዳጅ ማጣሪያ ቧንቧ የሚዘረጋ ትልቅ ኩባንያ ሆነ። የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘው በ1939 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ስለ ፈረንሳይ ከተዋጋ 25 ዓመት በኋላ። በ1960 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። በፓሪስ ዳር ባለችው በክሬምላን ቢሴትር ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ መካከል ተቀምጦ፣ በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን ከከተማው የሙታን መታሰቢያ ሐውልት ፊት ይቆም ነበር። ይህ ቀን የተኩስ ማቆሚያ በዓል ከመሆኑ በፊት፣ በምዕራባውያን ዘንድ መጐናጸፊያውን ከፍሎ ለድኻ የሰጠው ወታደር የቅዱስ ማርቲን በዓል ነው።

በ2005 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ የመጨረሻው ዘማች በመንግሥት ክብር እንዲቀበር ወሰነ፤ ፓንቴዎንም በስፍራነት ይታሰብ ነበር። ፖንቲቼሊ እንቢ አለ፤ ምክንያቱም አንዳች ክብር ሳያገኙ ለሞቱት ሁሉ ስድብ ይሆናል የሚል ነበር። ይህ አስተሳሰብ የእርሱ ብቻ አይደለም። በ5ኛው የሴኔጋል ቲራየር ሻለቃ ከአፍሪካውያን ጋራ ተሰልፎ በ1917 ዓ.ም. በሸማን ደ ዳም የተዋጋው የባቡር ሠራተኛው ሉዊ ደ ካዝናቭ እንዲሁ እንቢ ብሎ፣ በጃንዋሪ 2008 በ110 ዓመቱ በብሪዩድ ከተማ ሞተ። የእነዚያ ቲራየሮች የመጨረሻው ሰው አብዱላይ ንዲያይ ደግሞ በኖቬምበር 10 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ፈረንሳይ ኒሻን ልትሰጠው አንድ ቀን ሲቀር፣ በሴኔጋል መንደሩ ዐርፏል። የእርሱን ቀብር የሪፑብሊኩ ሥርዐት አላጀበውም።

«የመጨረሻው» የሚለው ቃልም የሚታየውን ያህል ጥርት ያለ አይደለም። የፈረንሳይ ቢሮ ዘማች ብሎ የሚመዘግበው ሦስት ወር በግንባር የቈየውን ስለ ሆነ፣ ይህን ያላሟሉ ሁለት ሽማግሌዎች እስከ ኖቬምበር 2008 በሕይወት ነበሩ።

ካዝናቭ ከሞተ በኋላ ፖንቲቼሊ ፈቀደ፤ ግን ታላቅ ሰልፍ እንዳይደረግና ክብሩ ለሞቱት ሁሉ፣ ወንዶችና ሴቶች፣ እንዲሆን አስታወቀ። በማርች 12 ቀን ሞተ። በማርች 17 ቀን በኤንቫሊድ በሚገኘው በቅዱስ ሉዊ ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ በተገኘበት ጸሎተ ፍትሐት ተደረገ፤ ሬሳውንም የሌዥዮን ወታደሮች ተሸከሙት። ከዚያም ወደ ፓንቴዎን ሳይሆን ወደ ኢቭሪ ሱር ሴን ተወስዶ በቤተ ሰቡ መቃብር ተቀበረ።