ባልና ሚስት ሲለያዩ ማኅበሩ የማን ነው?

በቀድሞው የባላገር ኑሮ ባልና ሚስት ለመለያየት የቆረጡ እንደ ሆነ ነገሩ የሚያልቀው በሽማግሌ ፊት ነበር። ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ለማስታረቅ ይደክማሉ፤ እርቁ እንቢ ያለ ጊዜ ግን ከብቱን በበረት፥ እህሉን በጎተራ ቆጥረው ያካፍላሉ። ሀብት ማለት በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ስለ ነበረ፥ ክፍያው ቢያስከፋም እንኳ የሚከፈለው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚጠራጠር አልነበረም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ አልሻረውም። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፥ ፍችን የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ቀን የንግድ ሕግም ታወጀ። ይህ ሁለተኛው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚባለውን ፈቀደ፤ አባሎቹም ከሁለት እንዳያንሱ፥ ከ50 እንዳይበልጡ ደነገገ። ብቻውን የቆመ ነጋዴ ሊያቋቁመው ስለማይችል፥ ሚስቱን ሁለተኛ አባል ያደረገ ብዙ ነው። ማኅበሩ ግን በሕግ ዘንድ ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ በስሙ ይገዛል፥ በስሙ ይበደራል፥ በስሙም ይከሰሳል። እንግዲህ በአንድ ቀን የታወጁት ሁለት ሕጎች በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

አንድ የጭነት መኪናና አንድ ወፍጮ ያለው ማኅበር አለ እንበል። ሽማግሌዎች «መኪናው ለእርሱ፥ ወፍጮው ለእርስዋ ይሁን» ብለው ቢያስማሙ ቀና ፍርድ ይመስላል። ነገር ግን መኪናው የባልም የሚስትም አይደለም። ባንክ ያበደረው ማኅበሩን ነው፤ ሾፌሩም ደመወዙን የሚጠብቀው ከማኅበሩ ነው። ባልና ሚስት የሚካፈሉት በማኅበሩ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ እንጂ ንብረቱን አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍችን የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ ሽማግሌዎቹም የማስታረቅ ሥራ ቀረላቸው። ባልና ሚስት በስምምነት ሊለያዩ ቢፈቅዱ ስምምነታቸውን ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፥ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ይሆናል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ጋብቻው ሲቀዘቅዝ አይቶ ቤቱንና መኪናውን ቀስ በቀስ ወደ ማኅበሩ ስም የሚያዞር ሰው አይታጣም። እኔ ይህን ከስርቆት አልለየውም፤ በቃል ኪዳን የታመነ ሰው የሚፈጽመው ስለ ሆነም የባሰ ነው። ዳኛው በበኩሉ ያልተጠራ ሰው እንዳይፈረድበት መጠንቀቅ ስላለበት፥ ማኅበሩን ወደ ክርክሩ ማስገባት ያስፈልገዋል። ያላስገባ እንደ ሆነ፥ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መብቱ የተነካበት ሦስተኛ ወገን ፍርዱ ሳይፈጸም መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል፤ ነገሩም እንደ ገና ይጀመራል።

በአሜሪካ፥ በሚኒያፖሊስ ከተማ፥ ስቱ ዌብ የሚባል ጠበቃ በፈረንጆች 1990 ዓ.ም. አንድ አዲስ መንገድ ጀመረ። ሁለቱ ተጋቢዎች በየጠበቃቸው ታጅበው ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ወደ ክርክር የሄደ እንደ ሆነ ግን ጠበቆቹ ከጉዳዩ እንዲወጡ አስቀድሞ ውል ይደረጋል። ስለዚህ ጠበቃው ከጠቡ መርዘም የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ በዚህስ የእኛን ሽማግሌ ይመስላል። ሽማግሌው ያልነበረው ነገር የሒሳብ መዝገብ ነው። በዚያ መንገድ ባለቤቶቹ መዝገባቸውን በፈቃዳቸው ይገልጣሉ፤ የንግዱንም ዋጋ ለማንም የማያደላ የሒሳብ ዐዋቂ ይገምተዋል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ስምምነት ሌሎቹን የማኅበር አባሎች አያስርም። በእኛም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ድርሻን ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ ከዋናው ገንዘብ ሦስት አራተኛውን የያዙ አባሎች እንዲስማሙ ይጠይቅ ነበር።

በዚያው ሕግ መሠረት፥ ሁለት አባሎች ብቻ ካሉት ማኅበር አንደኛው ቢወጣ ማኅበሩ ለመፍረስ የተጋለጠ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ አባል ብቻ ያለው ማኅበር እንዲቆም ፈቀደ። ዛሬ ከተለያዩት አንደኛው የሌላውን ድርሻ በተገመተው ዋጋ ቢገዛ፥ መኪናው ሳይሸጥ፥ ሾፌሩም ከሥራው ሳይወጣ ማኅበሩ ይቀጥላል።