በአገሩ ብቻ የተከበረ ነቢይ

«ነቢይ በአገሩ አይከበርም» የሚለውን ቃል ሳንሰማ ያደግን የለንም። የእንግሊዝን የፖፕ ሙዚቃ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገጥመኝ ግን የዚህ ቃል ግልባጭ ነው። በአገራቸው የነገሡ፣ ሦስት ትውልድ ዜማቸውን በቃሉ የያዘላቸው አንጋፋ ባንዶች አትላንቲክን ሲሻገሩ ማንም የማያውቃቸው መንገደኞች ይሆናሉ። ቢትልስና ሮሊንግ ስቶንስ ዓለምን ካዳረሱበት ከዚያው አገርና ከዚያው ዘመን የወጡ ናቸውና ነገሩ ያስገርማል። «ችሎታ ቢያንሳቸው ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ታሪኩን ገልጦ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የበሩን ጠባቂዎች እንመልከት። በ1963 ቢትልስ በእንግሊዝ አንደኛ በነበሩበት ወቅት፣ የገዛ አሳታሚያቸው የኢኤምአይ የአሜሪካ ኩባንያ የሆነው ካፒቶል ሸክላዎቻቸውን ለማውጣት ደጋግሞ እምቢ ብሏል። በዓመቱ መጨረሻ ሐሳቡን ለወጠ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ ተመለከታቸው። በሩ የተከፈተው እንዲህ ነው። ሻዶውስ ግን ከዚያ በፊት የመጡ ናቸው። ክሊፍ ሪቻርድን የሚያጅቡት እነዚህ ጊታር ተጫዋቾች መጀመሪያ ድሪፍተርስ ይባሉ ነበር፤ በዚሁ ስም የታወቀ የአሜሪካ ቡድን ስለነበረ በ1959 ስማቸውን ለመለወጥ ተገደዱ። በ1960 «አፓቺ» የተባለው ዜማቸው በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። አሜሪካም ይህን ዜማ ወደደችው፤ ነገር ግን በ1961 በዚያ አገር ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው ዮርገን ኢንግማን የተባለ የዴንማርክ ጊታሪስት የተጫወተው ቅጂ ነበር። ሻዶውስ ስማቸውንም ዜማቸውንም በሰው እጅ አዩት። አለቃቸው ክሊፍ ሪቻርድም ከ1958 ጀምሮ በአገሩ ገናና ሆኖ ሳለ፣ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተርታ ለመግባት እስከ 1976 መጠበቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ምክንያት የአገሩ ስፋት ነው። በእንግሊዝ «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» የተባለው የቢቢሲ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ከ1964 እስከ 2006 ሲተላለፍ ኖሯል። አንድ ባንድ በዚያ አንድ ምሽት ከታየ፣ በማግሥቱ ትምህርት ቤቱም ፋብሪካውም የሚያወራው ስለ እርሱ ነበር። አሜሪካ እንዲህ ያለ አንድ ደጃፍ አልነበራትም። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ጣቢያዎቹም የየራሳቸው ምርጫ ነበራቸው። ያን አገር ለመርታት ከከተማ ከተማ እየዞሩ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን መክፈል ያስፈልግ ነበር። በዚህ መሐል አገር ቤት ያለው አድማጭ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ይህን ዕዳ እስከ መጨረሻው የከፈለው ስሌድ ነው። በኢንዱስትሪዋ ከተማ በዎልቨርሃምፕተን አካባቢ ያደጉት አራት ጎልማሶች ከ1971 እስከ 1973 ባሉት ሦስት ዓመታት ስድስት ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ አውጥተዋል። የዘፈኖቻቸውን ርዕስ ይጽፉ የነበረው በመዝገበ ቃላቱ ሥርዓት ሳይሆን በመንደራቸው አነጋገር፣ አፍ እንዳመጣው ነበር። የአገሬው ወጣት በዚያ የተዛነፈ ፊደል ውስጥ የራሱን ድምፅ ሰማ። በ1975 ባንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከመድረክ መድረክ ዞረ፤ ሬዲዮው ግን ጆሮ አልሰጠውም። ሲመለስ የእንግሊዝ ወጣት ፊቱን ወደ ፓንክ ሙዚቃ አዙሮ ነበር። ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ይሏል ይህ ነው። በ1977 ላወጡት አልበም የሰጡት ርዕስ ራሱ «ለመሆኑ ስሌድ የት ደረሰ?» እንደ ማለት ነው። በ1983 ኳየት ራየት የተባለ የሎስ አንጀለስ ባንድ ከስድስቱ ዘፈኖች አንዱን እንደገና ተጫውቶ በአሜሪካ አምስተኛ ደረጃ ደረሰበት። በሩ ለዘፈኑ ተከፈተ እንጂ ለዘፋኞቹ ገርበብ ያለው በማግሥቱ ዓመት ነበር፤ ያኔ ስሌድ ራሳቸው በሌላ ዘፈን ሃያኛ ወጡ።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚጠልቀው ይመስለኛል፤ ነገሩ የቃል ነውና እኛን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን ይመለከታል። ኪንክስ በ1965 በአሜሪካ ያደረጉት ጉዞ በጠብና በንትርክ ተሞላ። በዚህም ሳቢያ የአገሪቱ የሙዚቀኞች ማኅበር እስከ 1969 ድረስ የመሥሪያ ፈቃድ ከለከላቸው። ሬይ ዴቪስ የተባለው ደራሲያቸው ያኔ ፊቱን ወደ ገዛ ቀዬው መለሰ። በ1967 «ዋተርሉ ሰንሴት» በተባለው ዘፈኑ ብቸኛ ሰው በመስኮት ሆኖ የሎንዶንን ባቡር ጣቢያ ሕዝብና ወንዙን የሚሻገሩ ሁለት ፍቅረኞችን ያያል። ዘፈኑ በእንግሊዝ ሁለተኛ ወጣ፤ በአሜሪካ ከመቶዎቹ ዝርዝር እንኳ አልገባም። በ1968 ስለ መንደር መስክና ሊጠፋ ስለተቃረበ የገጠር ወግ ያወጡት አልበም በአገራቸውም ገዢ አጣ፤ ዛሬ ግን ከእንግሊዝ ምርጥ አልበሞች ጋር ይቆጠራል።

ነገሩ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። አንድን ሥራ በአገሩ ተወዳጅ የሚያደርገው ጠባይ ብዙ ጊዜ ከአገር እንዳይወጣ የሚይዘው ራሱ ነው። ቅኔ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ሰሙ ይሻገር ይሆናል፤ ወርቁ ግን ከአገሩ ጋር ይቀራል።

የመጨረሻው ምስክሬ ስቴተስ ኩዎ ነው። ወደ መጨረሻ ያቆየሁት የእኛን ታሪክ ስለሚነካ ነው። ይህ ባንድ ከ60 በላይ ዘፈኖችን በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አስገብቷል፤ በአውሮፓና በአውስትራሊያም አድማጭ አላጣም። በአሜሪካ ግን በ1968 አንድ ዘፈኑ 12ኛ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ ከአርባዎቹ ተርታ አልደረሰም። ኋላ የያዘው ስልት በብሉዝ ላይ የቆመ ፈጣን ቡጊ ነበርና፣ ያን ይዞ የብሉዝ እናት ወደሆነችው አሜሪካ መሄድ ለቀባሪው ማርዳት ሆነበት። «ሦስት ኮርድ ብቻ ያውቃሉ» እያሉ የሚያላግጡባቸውም ነበሩ፤ እነርሱም በ2007 አንዱን አልበማቸውን «አራተኛውን ኮርድ ፍለጋ» በሚል ርዕስ አውጥተው ቀልዱን የራሳቸው አደረጉት።

በ1984 ባንዱ የስንብት ጉዞውን አድርጎ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል በረሃብ ለሚያልቀው ወገናችን እርዳታ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ዝግጅት በሎንዶንና በፊላደልፊያ ተዘጋጀ። በዌምብሊ ስታዲየም 72 ሺህ ያህል ሕዝብ ፊት ቀድሞ መድረክ ላይ የወጣው የሮክ ባንድ ስቴተስ ኩዎ ነበር። የከፈተበት ዘፈን በርዕሱ መላውን ዓለም የሚጠራ ሲሆን፣ ደራሲው ጆን ፎገርቲ አሜሪካዊ ነው። በሎንዶን እኩለ ቀን፣ በፊላደልፊያ ደግሞ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። በካሊፎርኒያ አልነጋም።

ከዚያ ቀን አሜሪካ የምታስታውሰው ሌሎችን ነው። እኔ ግን ስለ እኛ ረሃብ በተዘጋጀው በዚያ መድረክ ቀድሞ ጊታሩን ያነሣው ማን እንደነበር ስናስብ፣ የዝና ሚዛን ምን ያህል እንደሚያዳላ ይታየኛል። ዝናን የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የአሳታሚ ፈቃድ፣ የማኅበር ማኅተምና የሰዓት ልዩነት ናቸው። ከባሕር ማዶ ያልታወቀ ሁሉ ትልቅ ነው ማለቴ አይደለም። አንድን ሥራ «ውጭ አገር ማን ያውቀዋል?» ብለን ከመናቃችን በፊት ግን ለማን እንደተዘፈነና እዚያ ምን እንደሠራ ብንጠይቅ ይበጃል።

ቸር እንሰንብት።