አመዱ፣ ከርከሮውና የራስ ቅሉ

ሰሞኑን በውሃ ሰልፍ ላይ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ ቀርቷል። አንዱ ወገን «የሰው ዘር መነሻ ሐዳር ነው፤ ድንቅነሽ ምስክር ናት» ሲል፣ ሌላው ከካኩማ በስተምሥራቅ ወደ ቱርካና ሐይቅ በጣቱ እያመለከተ «የለም፣ እዚሁ ነው» አለ። ጀሪካኑ ሲሞላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኛን የገረመን፣ ስለ ቦታ ይህን ያህል ሲሟገቱ ስለ ዕድሜ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። አጥንት ያለ ዕድሜ ምን ይመሰክራል? ስለዚህ ይህችን ታሪክ ለአንባቢያን አቀረብን። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1969 በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኩቢ ፎራ በሚባለው ቦታ፣ ኬይ ቤሬንስማየር የተባሉ ወጣት የሥነ ምድር ተማሪ በእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች አገኙ። ንጣፉም በስማቸው ኬ.ቢ.ኤስ. ተባለ። አመዱ እንግሊዝ አገር ተመርምሮ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተሰጠው። በ1972 ደግሞ ኬንያዊው በርናርድ ንጌኔዎ ከዚያ ንጣፍ በታች ካለው አፈር የአጥንት ስብርባሪ አየ። ከ150 የሚበልጥ ቁራጭ ተገጣጥሞ አንድ የራስ ቅል ሆነ፤ የመዝገብ ቁጥሩ 1470 ነው። ሪቻርድ ሊኪ ዕድሜውን 2.9 ሚሊዮን ዓመት ገመቱት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ይህ የራስ ቅል አንጎሉ ሰፋ ያለ፣ ከሰው ወገን የሚቆጠር ነው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ናት። የ1470 ዕድሜ 2.9 ከሆነ፣ ከእርሷ ወገን ወደዚህ ለመድረስ የሚቀረው ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው፤ ድንቅነሽም ከአያትነት ወደ አክስትነት ልትወርድ ነው።

ይህን ስሌት ያናጋው ከርከሮ ነው። (አንባቢ ይቅር ይበለን፤ ሥጋው ለክርስቲያናችንም ለሙስሊማችንም ባይፈቀድ፣ ጥርሱ ለምስክርነት በቅቷል።) ባዝል ኩክ የተባሉ ሊቅ የጥንት ከርከሮዎችን ሲያጠኑ፣ የአንደኛው ዓይነት የኋላ መንጋጋ ጥርስ ከዘመን ወደ ዘመን እየረዘመ መሄዱን አስተዋሉ። በታችኛው ኦሞ፣ ሸንጉራ ላይ፣ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብረው ዕድሜያቸው ተለይቶ ነበር። ከኬ.ቢ.ኤስ. በታች የተገኘው ጥርስ ሲለካ ልኩ በኦሞ የ2 ሚሊዮን ዓመት ጥርስ ሆነ እንጂ ከዚያ በላይ አልሄደም። የኩቢ ፎራ ሰዎች ግን እጅ አልሰጡም፤ «የሁለቱ ቦታ ከርከሮዎች አኗኗራቸው ይለያያል» ብለው ተከራከሩ። በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋርኒስ ኩርቲስ አመዱን እንደገና መርምረው ከ2 ሚሊዮን በታች አገኙት። ሙግቱ እስከ 1980 ገደማ ቀጠለ። በመጨረሻ የጸናው ቁጥር 1.9 ሚሊዮን ያህል ነው፤ የ1470ም ዕድሜ ዛሬ 2 ሚሊዮን ገደማ ይባላል።

ስሕተቱ ከየት መጣ? በዐለት ውስጥ ያለው ፖታሲየም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ዐለቱ ሲቀልጥ ጋዙ ይወጣል፤ ስለዚህ ቆጠራው ከፍንዳታው ቀን ይጀምራል። ይህን አመድ ግን ወንዝ ሲያወርደው በመንገድ ላይ ከርሱ የሚያረጅ ማዕድን ተቀላቅሎበት ነበር፤ እንግዳው ማዕድን የራሱን አሮጌ ጋዝ ይዞ መጣ። አንድ ጊዜ መዝገብ ላይ የገባ ቁጥር እንዴት እንደሚያስቸግር እኛ እናውቃለን። የብዙዎቻችን ካርድ የልደት ቀናችንን «ጃንዋሪ 1» ይላል፤ ለማስቀየር የሞከረ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ፍራንክ ብራውንና ባልደረቦቻቸው የየንጣፉን አመድ ቅመም በኬሚስትሪ መርምረው አመሳከሩ። የሰው አሻራ እንደሚለያይ የየፍንዳታው አመድም ይለያያል። የኩቢ ፎራው ኬ.ቢ.ኤስ. ሸንጉራ ላይ ካለው አንድ ንጣፍ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ በጥንቱ ኦሞ የወረደ፣ የአንድ ፍንዳታ አመድ ነው። ከድንበሩ ወዲህ ኬ.ቢ.ኤስ. ይባላል፤ ከድንበሩ ወዲያ ኤች 2።