የባሕር ወለል ፍልውሃና የቤተ ሙከራው ገንዳ

ከሆመቾ በስተምሥራቅ፣ ከሆሳዕና ደጋ ማዶ የሚዘረጋው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘልቆ በአፋር ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስምጦች ጋር ይገናኛል። በሻላ ሐይቅ ዳርቻ ፍልውሃን የሚያፈላው ዓይነት የከርሰ ምድር ሙቀት በቀይ ባሕር ወለልም ስለሚወጣ፣ የባሕር ሥር ፍልውሃ የተጠናበት ታሪክ ለዚህ አካባቢ ሰው ባዕድ አይደለም።

የጥናቱ መሠረት የተጣለው ግን በገንዳ ውስጥ ነው። ሞርተን፣ ቴይለርና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጥናት፣ ጨውነቱ ከታች ወደ ላይ እየቀነሰ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ቀለል ያለ ፈሳሽ ሲለቀቅ ዓምድ ሠርቶ እንደሚወጣ፣ ሽቅብ በሚጓዝበት ፍጥነት ልክም የአካባቢውን ውሃ በጎኑ እየሳበ እንደሚሰፋና እየተበረዘ እንደሚሄድ አስረዱ፤ ዓምዱ እፍግታው፣ ማለትም በእኩል መጠን የሚመዝነው ክብደት፣ ከአካባቢው ውሃ ጋር ሲስተካከል መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን ይነጠፋል። ከስሌቱ ሁሉ የሚያስደንቀው የምንጩ ኃይል አሥራ ስድስት እጥፍ ቢጨምር የዓምዱ ከፍታ በእጥፍ ብቻ ማደጉ ሲሆን፣ የገንዳ ሙከራ ለውቅያኖስ ሊያገለግል የቻለውም እንዲህ ያለው ምጥጥን በትንሹም በትልቁም ስለሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ አቅራቢያ 2500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ፍልውሃ በዓይን ሲታይ፣ ከዚያም በ1979 በምሥራቅ ፓስፊክ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ጥቁር ውሃ ሲገኝ፣ ውሃው ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ወጥቶ ለምን እንደሚነጠፍ የሚያስረዳው ስሌት ከሃያ ዓመት በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

የቀይ ባሕር ፍልውሃ ግን እንዲህ ዓምድ ሠርቶ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1965 አትላንቲስ ሁለት የተባለችው የምርምር መርከብ 2000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያጠናችው ውሃ 56 ዲግሪ ያህል ቢሞቅም ጨውነቱ የተለመደውን የባሕር ውሃ ሰባት እጥፍ ያህል ስለነበር፣ ክብደቱ ሽቅብ እንዳይወጣ አድርጎት በባሕሩ ወለል ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በላዩም 44 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሌላ ንብብር ነበረ። ንብብሮቹ እንዴት እንደተፈጠሩ መልሱን ያመጣው ከሦስቱ ተመራማሪዎች አንዱ የነበረው ተርነር ነው። ጨውነቱ ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ውሃ ከሥሩ ሲሞቅ ድንበራቸው የተለየ ንብብሮች እንደሚሠራ፣ በድንበሩም ሙቀት ከጨው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያልፍ በቤተ ሙከራ ያረጋገጠ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የቀይ ባሕሩን ንብብሮች በዚሁ ግኝት ተረጎማቸው። በኋላ የተላኩ መርከቦች የታችኛው ውሃ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ማለፉንና ከላይ ተጨማሪ ንብብሮች መፈጠራቸውን ለክተዋል።