ሰላምታው በፊደላችን

የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ተማሪ የመጀመሪያ የቤት ሥራው ባብዛኛው አንድ ነው፤ ማሽኑን «ሰላም ለዓለም» ማሰኘት። ልማዱን ያስፋፋው ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት የሲ ቋንቋ መማሪያ ነው።

ይህ ሰላምታ በአማርኛ እንዲጻፍ ግን ብዙ ድካም ጠይቋል። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የአሜሪካ የፊደል ኮድ 128 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ ከሀ እስከ ፐ ያለው ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ አቶ ፍሥሐ አጥላው፣ እዚሁ ኮሎራዶ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር አበራ ሞላ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሠሩ። ሆኖም በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ለአስተማሪ ቢቀርብ ማን ያነበዋል?

መፍትሔው የመጣው በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሎቻችን ዓለም አቀፍ ቁጥር ሲሰጥ ነው። በታኅሣሥ 2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ዩኒኮድን መደበኛ አደረገው።

ዛሬ የሞንትቤሎ ተማሪ ሰላምታውን በትእምርተ ጥቅስ መካከል በአማርኛ ይጽፋል፤ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙን አስነሥቶ ካየ በኋላ ያስረክባል። በአስተማሪው ማሽን ላይም ያው ፊደል ይታያል። ትእዛዙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ወላጅ ላያውቀው ይችላል። «ዓለም» በዐይኑ ዐ መጻፉን ግን ከልጁ ጎን ተቀምጦ ሊያርም ይችላል።