ባለ መጋዝ ክንፏ ጨረባ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከወንዶ ገነት የወፍ ፎቶ ላከልኝና «ቲቸር፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ። ሙሉ ጥቁር፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈተ፣ ጫካ ዳር ዝቅ ብላ ነፍሳት የምታድን። ክፍል ውስጥ «ጨረባ ሆድዋ ነጣ ወይም ቀላ ይላል» ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ ልጆች። ጥቁር ጨረባም አለች፣ ታሪኳም ከኛው አገር ይጀምራል።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ባለ ባንክ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያም በደጃዝማች ውቤ እጅ ወደነበሩት የስሜን ተራሮች ወጣ፣ ጎንደርም ሰነበተ። ሲመለስ የብራና መጻሕፍትና የእንስሳት ቆዳ ይዞ ሄደ። ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስመዘገበው እሱ ነው። (ብራናዎቹ ዛሬም እዚያው ፍራንክፈርት ናቸው፤ የሱን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን።)

ካስመዘገባቸው ወፎች አንዷ ይቺ ጥቁር ጨረባ ነበረች። የወንዱን የዳር ላባ በጣት ብትዳብሱት ይሻክራል፣ ጥቃቅን መንጠቆ ተደርድሮበታል። ሩፔልም እ.ኤ.አ. በ1836 «ፕሪስቶፕቴራ» አላት፤ በግሪክኛ ባለ መጋዝ ክንፍ ማለት ነው። በ1850 ደግሞ ጀርመናዊው ካባኒስ ወገኑን ለብቻው አወጣና «መቀስ ጨረባ» አለው፣ ፕሳሊዶፕሮክኔ። ዛሬ በወገኑ ውስጥ አምስት ዝርያ ይቆጠራል፣ ሁሉም የአፍሪካ። አንደኛው ወንዱ ራሱ ነጭ ነው፣ ሌላው የካሜሩን አካባቢ ተራራ ነዋሪ ነው። እንደ ቤት ጨረባ ጣሪያ ሥር ጭቃ አይለጥፉም፤ የወንዝ ዳር ወይም የመንገድ ቁራጭ አፈር ቦርቡረው ጉድጓድ ውስጥ ይፈለፍላሉ።

ክርክሩ ያለው አምስቱ ላይ ነው። የሩፔል ወፍ ከኤርትራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አንድ ዝርያ ተብላ ትቆጠራለች፤ ግን እኛው አገር እንኳ መልኳ አንድ አይደለም። በ1884 ጣሊያናዊው ሳልቫዶሪ አንዱን ዓይነት «አንቲኖሪ» አለው፤ ምኒልክ በሰጡት ልጥ ማረፊያ ከሁለት ዓመት በፊት በሞተው በኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም። በ1904 ደግሞ ኖይማን «ዘይታማ» ብሎ ሌላ ጨመረ። እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

አንድ ቀን ቢለያዩ ምን ይሆናል? ሕጉ ስሙ ቀድሞ የወጣለት ይይዘዋል ይላል። ስለዚህ «ባለ መጋዝ ክንፍ» የሚለው ለኛዋ ለሰሜኗ ይቀራል፣ ሌላ ስም የሚፈለግላቸው የደቡብ አፍሪካዎቹ ናቸው። ስንቱ ነገራችን ተወስዶ በሄደበት ዘመን ይቺ ትንሽ ነገር ደስ አለችኝ፣ አልዋሽም።

እና አንተ ወንዶ ገነት ያለኸው፦ መለያው አንዱ የክንፏ ሥር ቀለም ነው። ፎቶህ ከላይ የተነሳ ነው፣ አይታይም። ነጭ ነው ወይስ ቡናማ? ተመልሰህ ሂድና ከሥሯ ሆነህ አንሳልኝ።